እድፍና ዕድሜ

ሻንደሊየሩን መጀመሪያ ያየሁት ተንጠልጥሎ ሳይሆን ወለል ላይ ተቆልሎ ነው። ከአገር ሊወጡ የተነሡ የውጭ ሰዎች ቦሌ ውስጥ በተከራዩት ቤት ዕቃቸውን ይሸጡ ነበር። ምንጣፉ፣ ፍሪጁ፣ የልጆቹ አልጋ አንድ በአንድ እየተነሣ ሲወጣ እሱ ብቻ ጥግ ይዞ፣ የተቀደደ አንሶላ ላይ ክምር ብሎ ቀረ። መልኩ ያደረ ሻይ ይመስላል። ነካ ሳደርገው ጣቴ ላይ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ተጣበቀ። አብረውኝ ወደመጡት የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዞር ብዬ፣ «ጋሼ፣ ይሄማ አርጅቷል» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ከብርጭቆ ፈርጦቹ አንዱን በሁለት ጣታቸው ያዙና ተነፈሱበት። በሸሚዛቸው ጫፍ ደጋግመው አሹት። ከዚያ በመስኮቱ ወደሚገባው ፀሐይ አነሡት። ግድግዳው ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነጠብጣብ ተበተነ።

«አላረጀም ልጄ፤ አድፎ ነው» አሉኝ።

ይህን ምዕራፍ የምጽፈው በዚያ አባባል ተመርቼ ነው። አሮጌ ዕቃ ወደ ቤት ሲገባ እድፍና ዕድሜ ተደባልቀውበት ይመጣል። እድፍ ከውጭ የመጣ ነው፤ አቧራ፣ ስብ፣ ጭስ፣ የዝንብ ኩስ። ዕድሜ ግን የዕቃው የራሱ ነው፤ እንጨት ከእጅ ብዛት የሚያወጣው ወዝ፣ ነሐስ በዓመታት የሚይዘው ጠቆር ያለ መልክ፣ መስተዋት ጠርዙ ላይ የሚያበቅለው ጥላ። እድፉን ዝም ብለን ስናሳድረው ዕቃው ይታፈናል። ዕድሜውን እድፍ ነው ብለን ስንፈገፍገው ደግሞ ተመልሶ የማይመጣ ነገር እናጣለን። ሁለተኛው ጥፋት ይከፋል፤ እድፍ ነገም ይጠረጋል፣ የተፈገፈገ ዕድሜ ግን ከየትም አይገዛም።

ለዚህ ትምህርት ከሻንደሊየር የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ጥሩ ብርጭቆ ዕድሜውን ፊቱ ላይ አያወጣም። የመቶ ዓመት ፈርጥና የትናንት ፈርጥ በደንብ ከጸዱ እኩል ያበራሉ። ስለዚህ ብርጭቆው ላይ ያለ ፍርሃት እስከ መጨረሻው መሄድ ይቻላል። ብርጭቆውን የያዘው ነሐስና ሽቦ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ እሱ ጋ ስንደርስ እጃችንን ማቀዝቀዝ አለብን።

የቀንዲል ዘመድ

ሻንደሊየር የሚለው ስም የመጣው ሻማ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል ከሻንዴል ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ተንጠልጥሎ የምናየው ቀንዲል ደግሞ ስሙን ያገኘው በሌላ መንገድ፣ በግሪክና በምሥራቁ ቋንቋዎች በኩል ዞሮ ነው። ሁለቱም ወደ ኋላ ሲቆጠሩ ካንዴላ በሚለው የላቲን ቃል ላይ ይገናኛሉ። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ሳሎኔ ውስጥ የተሰቀለውን ነገር እንደ ባዕድ ማየት አቆምሁ።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1291 የቬኒስ መንግሥት የብርጭቆ ምድጃዎች ከተማዋን እንዳያቃጥሉ ፈርቶ ሠራተኞቹን ሙራኖ ወደምትባለው ደሴት አዛወራቸው። የሙራኖ ብርጭቆ ለስላሳ ነው፤ እየተነፋና እየተሳበ አበባና ቅጠል ይሆናል። ስለዚህ የሙራኖ ሻንደሊየር ሲያዩት የአትክልት ቦታ ይመስላል እንጂ አልማዝ አይመስልም። የአልማዙን መልክ ያመጣው ሌላ ሰው ነው። በ1674 ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ለአዲስ ዓይነት ብርጭቆ የባለቤትነት መብት ተሰጠው፤ ብርጭቆው እየደበዘዘና እየተሰነጣጠቀ ሲያስቸግረው ቆይቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሲጨምርበት ረጋ። ይህ ብርጭቆ ከባድ ነው፣ ለመቁረጥ ይመቻል፣ ብርሃንን ከተራው ብርጭቆ ይበልጥ ያጥፋል። ዛሬም በአውሮፓ ሕግ አንድ ብርጭቆ የእርሳስ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል።

ዛሬ ቼክ የምንላት አገር ክፍል የሆነችው ቦሄሚያም የራሷን ጠንካራ ብርጭቆ እየቆረጠችና እየቀረጸች ስም አወጣች። እኔ ከዚያ ቤት ያነሣሁት ሻንደሊየር የዚያ ወገን መሆኑን የለየሁት በክንዶቹ ነው። ክንዶቹ ጠፍጣፋ ብረት ናቸው፤ በላይና በታች በረዥም የብርጭቆ ቅጠል ተሸፍነዋል፤ ብሎኑ ያለበት ቦታ ሁሉ በትንንሽ የብርጭቆ ጽጌረዳ ተደብቋል። ይህ አሠራር በዓለም ላይ የሚታወቀው በማሪያ ቴሬዛ ስም ነው፤ በ1743 ፕራግ ላይ የቦሄሚያ ንግሥትነትን ዘውድ በጫነችው ሴት። አያቶቻችን ደግሞ እሷን ጠንቅቀው ያውቋታል። ማርትሬዛ የሚሉት ጠገራ ብር ላይ ያለችው ያቺው ሴት ናት፤ የሞተችበት ዓመት 1780 ተቀርጾበት፣ እሷ ካለፈች ከመቶ ዓመት በኋላም በእኛ ገበያ በቅሎና ጨው የተገዛበት ብር። በእናቴ ሣጥን ውስጥ አንድ አለ። ሻንደሊየሩ በተሰቀለ ዕለት አውጥቼ ከሥሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

ሲገዙ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ ወይም በማሽን የተቆረጠ ፈርጥ ጠርዙ ስል ነው፤ ጥፍር ያዝ ያደርጋል። በቅርጽ ውስጥ ተጭኖ የተሠራው ጠርዙ ዶልዱሟል፤ ጎኑ ላይም ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል። ፕላስቲክ ከሆነ ከንፈር ላይ ሲያስጠጉት ይለያል፤ ብርጭቆ ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ አይቀዘቅዝም። ማግኔትም በኪስ ይያዝ። ነሐስ ማግኔት አይስብም፤ ከሳበ ነሐስ የተቀባ ብረት ነው ማለት ነው።

ስብ ለምን ብርሃን ይበላል

ብዙ ሰው ሻንደሊየር የሚደበዝዘው አቧራው ብርሃኑን ስለሚጋርደው ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ከዚያ ይጠልቃል። ብርሃን በፈርጡ ፊት ገብቶ የጀርባውን ገጽ ከውስጥ ሲመታ፣ አመታቱ ከ40 ዲግሪ ገደማ በላይ ካዘነበለ መውጣት አይችልም፤ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይነጥራል። እንዲህ እየነጠረ በሌላ በኩል ሲወጣ ቀለማቱ ይለያያሉ፤ ግድግዳ ላይ የምናየው ቀስተ ደመና ይህ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ከጀርባው ያለው ንጹሕ አየር ሲሆን ነው። በዚያ ገጽ ላይ ስብ ካለ ነገሩ ይለወጣል። ስብ ብርሃንን የሚያጥፈው ከብርጭቆ ባልራቀ መጠን ነው፤ የአየር መለኪያ 1 ሲሆን የዘይት 1.47 ገደማ፣ የክሪስታል ደግሞ 1.55 እና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ድንበር ያገኘ አይመስለውም። ተመልሶ በመንጠር ፈንታ ወደ ስቡ ይገባል፣ እዚያ የተጣበቀው ጥቀርሻ ይውጠዋል። ከፀጉር የቀጠነ ሽፋን ለዚህ ይበቃል። ከፊት ለፊት ንጹሕ የሚመስል ፈርጥ ጀርባው ከተቀባ የሞተ ነው። ሲያጸዱ ጀርባውን የሚረሱ ሰዎች ድካማቸው ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በእኛ ቤት ደግሞ ስቡ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋንም። ሽንኩርት ሲቁላላ የሚነሣው እንፋሎት ወጥ ቤት አይቀርም። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ ዘይት አለበት። ከሰሉም አለ። ዕጣኑ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይጣበቃል። ዕጣን ሙጫ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ በአልኮል እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ቀሪው ደግሞ በውሃ እንጂ በአልኮል አይሟሟም። ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኮርኒሱ ሥር ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ሲያገኝ ያርፍበታል። ቡናውንም ዕጣኑንም ተዉ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። ጭስ የሌለበት ቤት እንዲኖረኝ አልፈልግም። የቡናውን ቦታ ግን ከሻንደሊየሩ ሥር ወደ መስኮቱ አጠገብ አዛውሬዋለሁ፤ ለውጡን በስድስት ወር ውስጥ አይቼዋለሁ።

አጸዳዱ

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልናገር፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። ለመስኮት የሚሸጠውን ሰማያዊ ፈሳሽ ገዝቼ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ ሻንደሊየሩን ከላይ እስከ ታች ረጨሁት። ውሃው እየተንጠባጠበ ሲወርድ ደስ አለኝ። ማታ መብራቱን ሳበራ ብሬከሩ ወረደ። ፈሳሹ በክንዶቹ ተንሸራትቶ አምፖሎቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ በየብሎኑ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት ወጣ።

ጥፋቱ ከውሃው ይልቅ ከአሞኒያው ነበር፤ ብዙዎቹ የመስኮት ማጽጃዎች አሞኒያ አለባቸው። አሞኒያና ነሐስ የቆየ ጠብ አላቸው። በህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የነሐስ ቀለሆች በዝናብ ወራት ማንም ሳይነካቸው እየተሰነጠቁ ያስቸግሩት ነበር። ጥይቱ የሚቀመጠው በፈረስ ጋጣ ነበር፤ ከፈረሶቹ ሽንት የሚነሣው አሞኒያ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ፣ ሲሠራ በተጠፈጠፈውና በተወጠረው ነሐስ ውስጥ እየገባ ይሰነጥቀው ኖሯል። ምክንያቱ በሚገባ የተብራራው በ1921 ነው። የሻንደሊየር ክንድም የታጠፈና የተወጠረ ነሐስ ሊሆን ይችላል፤ ከላዩ የተሸከመውን አስቡት። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ሻንደሊየር ላይ ረጭቼ አላውቅም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። መብራቱን የማጠፋው በማብሪያ ማጥፊያው ሳይሆን በብሬከሩ ነው። በአሮጌ ቤቶች የመስመር አሠራር ማብሪያ ማጥፊያው ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ (ፌዙን) ሳይሆን መላሹን (ኒውትራሉን) ብቻ የሚቆርጥበት ጊዜ አለ፤ መብራቱ ጠፍቶ ሽቦው ግን ሕይወት እንዳለው ነው። አምፖሎቹ እስኪቀዘቅዙ እጠብቃለሁ። ከሥሩ ፍራሽ አነጥፋለሁ፤ የወደቀ ፈርጥ ምንጣፍ ላይም ቢሆን ሊሰበር ይችላል። አንድ እጅ አልኮል ከሦስት እጅ የተጣራ ውሃ ጋር እቀላቅላለሁ። አልኮሉን ከመድኃኒት ቤት፣ ውሃውን ለመኪና ባትሪ ከሚሸጥበት ቦታ አገኘዋለሁ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ በአንድ መደርደሪያ፣ በሚመሳሰል ጀሪካን ይሸጣሉ፤ ጽሑፉን አንብቡ፣ ሻጩንም ደግማችሁ ጠይቁ። የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወው ነጭ ቅርፊት ፈርጥም ላይ ይቀራልና የተጣራው ይሻላል። አልኮል ስለሚቀጣጠል ከሰልና ሻማ በዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር።

ሁለት የጥጥ ጓንት አጠልቃለሁ። የቀኙን በድብልቁ አርሼ እጨምቀዋለሁ፣ የግራው ደረቅ ይሆናል። እያንዳንዱን ፈርጥ በርጥቡ እጅ ጨብጬ ከፊትም ከጀርባም አሸዋለሁ፣ ወዲያው በደረቁ እጅ እቀበለዋለሁ። አልኮሉ ሙጫውን፣ ውሃው የቀረውን ይፈታል። ጓንቱ በሁለተኛው ክንድ ላይ ቡና ይመስላል፤ ይታጠባል፣ ይቀጥላል። የእኔ ስምንት ክንድ አለው፤ ሙሉ ቅዳሜ ይወስዳል። ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ስሄድ መሰላሉን አንቀሳቅሳለሁ እንጂ ሻንደሊየሩን አላዞርም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ለብዙ አደጋ ምክንያት ስለሆነ ነው። ሻንደሊየር የተንጠለጠለበት ዘንግ ብዙውን ጊዜ በጥርስ የተጠመዘዘ ነው፤ በየዓመቱ እያዞሩ የሚያጸዱት ሰዎች ሳያውቁት እየፈቱት ነው።

ነሐሱን በደረቅ ጨርቅ ብቻ እጠርገዋለሁ። የሎሚና የጨው ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ይከራከረኛል፤ እውነት ነው ያበራል። ነሐስ የመዳብና የዚንክ ድብልቅ ነው፤ አሲድ ዚንኩን ቀድሞ ይበላዋል፣ የሚቀረው ሮዝ የሚል የመዳብ ፊት ነው። ያ ብራት የነሐሱ ቆዳ መገፈፉ ነው።

በጓንት የሚደረገው ጽዳት በዓመት አንዴ ይበቃል። እኔ ጳጉሜን ላይ አደርገዋለሁ፤ ቤቱ ለእንቁጣጣሽ በሚጠረግበት ሰሞን። ፈርጦቹን ሁሉ አውልቆ ማጠብ ግን በአራትና በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ደረጃ ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ የአንዱ ክንድ ፈርጦች ከሌላው እንዳይቀላቀሉ በየራሳቸው ፎጣ ላይ ይደርደሩ። የሚታጠቡት ለብ ባለ ውሃ ነው። ትኩስ ውሃ ቀዝቃዛ ክሪስታልን ይሰነጥቃል። የመታጠቢያው ገንዳ ታች በፎጣ ይሸፈን። ፈርጡን ከፈርጥ የሚያያይዘው ሽቦ ከዛገ በፒንሳ ቆርጦ በነሐስ ሽቦ መተካት ነው፤ ዝገት የያዘ ማያያዣ አንድ ሌሊት በድንገት ይለቃል።

አሰቃቀሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ኮርኒስ ብዙ ጊዜ ችፑድ ነው፤ በጭቃ ቤቶች ደግሞ አቡጀዴ። አንዱም ክብደት አይሸከምም። መንጠቆው ከኮርኒሱ አልፎ ወይ ሞራሌው ላይ ወይ ሶሌታው ውስጥ መግባት አለበት። የእኔን ሻንደሊየር ታቅፌ ሰው መመዘኛ ላይ ቆሜ የራሴን ስቀንስ 14 ኪሎ ሆነ። ጋሼ መንጠቆውን ከሶሌታው ካሰሩ በኋላ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከረጢቱ እንዳለ አንጠለጠሉበትና ወደ ቤታቸው ሄዱ። እንዲሁ አደረ። በማግሥቱ ጠዋት መጥተው ካልኩሌተር ሳይነኩ፣ «ይይዛል» አሉ። በጨርቅ የተሸፈነውን የድሮ ሽቦም አውጥተው በአዲስ ተኩት፤ ውስጡ ያለው ጎማ በእጃቸው ላይ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። የብረት አካል ያለው መብራት የመሬት መስመር ሊኖረው እንደሚገባም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው።

ሰው በሚመላለስበት ቦታ የታችኛው ጫፍ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10 ይራቅ። ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ከሆነ ከ75 እስከ 90 ሳንቲም በቂ ነው። ስፋቱን ለመገመት የክፍሉን ርዝመትና ወርድ በሜትር ደምሩ፣ በ8 አባዙት፤ 4 በ5 ለሆነ ሳሎን 72 ሳንቲም ይመጣል። ከዚያ የሰፋ ቤቱን ይጫነዋል። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሻንደሊየር አይከልከል፤ ከጠረጴዛ በላይ ወይም ማንም በማይረግጠው ማዕዘን ላይ ይስቀለው።

አምፖሉን በተመለከተ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በማብዛት ነው። አንድ ሻማ የሚሰጠው ብርሃን 12 ሉመን ገደማ ነው። የድሮው 40 ዋት አምፖል ከ400 ሉመን በላይ ይሰጣል። ስምንት ሻማ አንድ ላይ ቢበራ የአንዱን አምፖል ሩብ ያህል ነው። ሻንደሊየር የተፈጠረው ለዚያ ትንሽ ብርሃን ነው፤ ጥቂቱን ተቀብሎ እንዲያበዛ። ስምንት ኃይለኛ አምፖል ሲደረግበት ፈርጦቹ የሚሠሩት ሥራ ያጣሉ። 4 ዋት የሆነ፣ ብርጭቆው ጥርት ያለ፣ ውስጡ ክር የሚመስል ኤልኢዲ ይመረጣል፤ ቀለሙ 2700 ኬልቪን የተጻፈበት። ወተት የመሰለው አምፖል ብርሃኑን አስቀድሞ ስለሚበትነው ቀስተ ደመናውን ይገድለዋል። የድሮዎቹ ስምንት አምፖሎች 320 ዋት ይበሉ ነበር፤ እነዚህ 32 ዋት ይበቃቸዋል፣ ሙቀታቸውም ሽቦውን አያደርቅም።

ከብርጭቆ ወዲያ

ሻንደሊየሩ ከበራ በኋላ ከሥሩ ያለው ሁሉ ታየ። የእናቴ የዋንዛ ቡፌ ላይ ያለው ጭረት፣ የመስተዋቱ ጠርዝ፣ የጅማው ወንበር። ይኼኔ ነው የእድፍና የዕድሜ ነገር የሚከብደው፤ እንጨት እንደ ብርጭቆ አይደለም፣ ዕድሜውን ፊቱ ላይ ይጽፋል።

የጅማው ወንበር ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ መቀመጫው፣ መደገፊያው፣ ሦስቱ እግሩ፣ አንድም ሚስማር የለበትም። ከአያቴ ቤት የመጣ ነው። መደገፊያው ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ከሌላው ጠቁሮ፣ እንደ በሰለ ተምር ያበራ ነበር። «ነበር» የምለው ጠፍቶ ነው። ለማሳደስ የሰጠሁት አናጺ በቅን ልቦና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ሦስት እጅ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀብቶ አመጣልኝ። ወንበሩ አዲስ ሆነ። አያቴ እጇን የምታሳርፍበት ቦታ ግን ዛሬ ከሌላው አይለይም። አናጺውን አልወቅስም፤ አድስልኝ ያልሁት እኔ ነኝ። «አጽዳልኝ» ማለት ነበረብኝ፤ በቃላቱ መካከል ያለውን ልዩነት አላወቅሁም ነበር።

ቡፌውን ስለዚህ በራሴ እጅ ያዝሁት። ጥቂት ሳሙና ባለበት ውሃ የራሰ፣ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ድረስ የተጨመቀ ለስላሳ ጨርቅ። የጥጥ ቁራጭ ምራቅ አስነክቼ የማይታይ ቦታ ላይ ሞከርሁ፤ ጥጡ ቡናማ ከሆነና እንጨቱ ካልደበዘዘ የወጣው እድፍ ነው። ቀለም ከእንጨቱ መነሣት ሲጀምር አቆማለሁ። ሲደርቅ ንጹሕ የንብ ሰም በአኳራጅ አሟሙቼ፣ እንደ ቅቤ ሲለሰልስ በስሱ ቀባሁት። ሰሙ የሚቀልጠው በፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ አኳራጅ እሳት ይጠራል። ከአንድ ሌሊት በኋላ በሱፍ ጨርቅ አሸሁት። ጭረቶቹ አሉ። ልጅ ሆኜ በቁልፍ የጻፍሁት የስሜ የመጀመሪያ ፊደልም አለ። የሻንደሊየሩን አልኮል ግን እዚህ እንዳታመጡት፤ የድሮ እንጨት ቅብ ብዙ ጊዜ በአልኮል የሚሟሟ ነው፣ አንድ ጠብታ ነጭ ክብ ትቶ ይሄዳል።

መስተዋት ላይም ምንም አትርጩ። ፈሳሹ በጠርዙ ሥር ሾልኮ ጀርባው ላይ ያለውን ብር ይበላል። ጨርቁን አርሱ እንጂ መስተዋቱን አታርሱ። በብር የሚለበጠው መስተዋት የመጣው የጀርመኑ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1835 መንገዱን ካሳየ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ቆርቆሮና ሜርኩሪ ነው፤ ጀርባው ከተላጠ በእጅ አይነካም። መሶብ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ስለሆነ ውሃ አይወድም፤ ከውሃ ይበልጥ ግን ፀሐይ ይጎዳዋል። ሙዚየሞች ጨርቅና ወረቀት ያለበትን ክፍል ከ50 ሉክስ በላይ አያበሩም፤ በእኛ ሰማይ ሥር መስኮት አጠገብ የተቀመጠ መሶብ ከዚያ እጅግ የበዛ ብርሃን በየቀኑ ይመታዋል። ጋቢና ጥልፍም እንዲሁ። የተቃጠለ ቀለም አይመለስም።

ስለ አቀማመጥ ብዙ ሕግ የለኝም። አንድ ክፍል አንድ ንጉሥ ይበቃዋል፤ ሻንደሊየር ካለ ሌላው ዝቅ ይበል። ግድግዳዬ ነጭ ነው፣ ሶፋዬ አዲስና ተራ ነው፣ መጋረጃዬ ሸማ ነው። አሮጌው ዕቃ የሚያምረው ባዶ ቦታ ሲኖረው ነው፤ ተጨናንቆ ሲቆም መጋዘን ይመስላል። ሌላው፣ ዕቃው ሥራ ይኑረው። ቡፌው ሳህን ይያዝ፣ ረከቦቱ ስኒ ይያዝ፣ ወንበሩ ሰው ይቀመጥበት። ከዚህ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብራና፣ መስቀል ወይም ሥዕል ለጌጥ ብላችሁ አትግዙ። አገሪቱ ቅርስን የሚጠብቅ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 209/1992፣ ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከአዋጁም በፊት ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባዶ የቀረ ቦታ አለ፤ የእኔ ግድግዳ ላይ ያማረ ነገር እዚያ ጨለማ ትቶ ከመጣ ሊያምረኝ አይችልም።

ከሻንደሊየሩ ሦስት ፈርጦች ጎድለው ነበር። ምናለሽ ተራ ሁለት ቅዳሜ ዞሬ፣ ከተሰበረ ሌላ መብራት የተረፉ ፈርጦች በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አገኘሁ። ቁመታቸው ልክ ነው፤ ቀለማቸው ግን በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ወደ ግድግዳው በኩል ልሰቅላቸው ስል ጋሼ መሰላሉን ይዘው ከታች፣ «ለምን ትደብቂያቸዋለሽ? በር በር በኩል አድርጊያቸው» አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። ማታ ላይ ከበሩ የሚገባ ሰው እነዚያን ሦስቱን ቀድሞ ያያል። በደብተሬም እንዲህ ጽፌያለሁ፦ ጳጉሜን 3፤ 132 ፈርጥ ታጥቧል፤ ሦስቱ የሌላ ቤት ናቸው፤ ሰባት ማያያዣ ተቀይሯል፤ ነሐሱ አልተነካም።